ለመድረክ ዝግጅት የኤሌክትሪክ ገመድ አመራረጥ፦ ከጀነሬተሩ እስከ ሞንታርቦው

ኮንሰርት መሐል ስክሪኑ ግማሹ ሲጨልም ወይም የሠርግ ድንኳን ውስጥ ድምፅ ድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰደበው ጀነሬተሩ ነው። ተከፍቶ ሲታይ ግን ጀነሬተሩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ጥፋቱ በመካከል የተዘረጋው ገመድ ላይ ወይም ገመዱ ጫፍ ላይ ባለው ሶኬት ውስጥ ይገኛል። ይህ መመሪያ በኢትዮጵያው 220/380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ከ20 እስከ 60 ኪሎዋት የሚወስድ የውጭ ዝግጅት ለሚሠሩ ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። ከጀነሬተር ወይም ከመብራት ቆጣሪ ላይ መስመር የሚያወጣው ሰው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን መሆን አለበት፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ምርጫ ግን የቡድኑ አባል ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ገመድ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው መዳብ ሁልጊዜ አይገናኙም። ከታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ ይህን አትርሱ።

1. ጭነቱን ቁጠሩ

ገመድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እያንዳንዱ ዕቃ ስንት እንደሚወስድ በወረቀት ላይ አስፍሩ። የድምፅ ዕቃ ላይ ተጠንቀቁ፤ ሞንታርቦው ላይ በትልቁ «2000 ዋት» ተብሎ የተጻፈው ለስፒከሩ የሚሰጠው ጉልበት ነው እንጂ ከሶኬት የሚስበው አይደለም። የሚስበው መጠን ከኤሌክትሪክ መግቢያው አጠገብ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

መካከለኛ የሆነ የውጭ ኮንሰርት ለምሳሌ እንውሰድ፦

– ኤልኢዲ ስክሪን፣ 24 ካሬ ሜትር፣ በካሬ ሜትር ቢበዛ 600 ዋት፦ 14.4 ኪሎዋት
– 16 ሙቪንግ ሄድ (ራሱን እያዞረ የሚያበራ የመድረክ መብራት)፣ እያንዳንዱ 400 ዋት፦ 6.4 ኪሎዋት
– 12 ፓር ላይት (ቋሚ የመድረክ መብራት)፣ እያንዳንዱ 180 ዋት፦ 2.2 ኪሎዋት
– 2 የጭስ ማሽን፣ እያንዳንዱ 1500 ዋት፦ 3 ኪሎዋት
– ድምፅ በሙሉ፦ 6 ኪሎዋት
– ሚክሰር፣ ኪቦርድ፣ ላፕቶፕ፦ 1 ኪሎዋት

ድምሩ 33 ኪሎዋት ነው። ስክሪኑ 14.4 ኪሎዋት የሚወስደው ሙሉ ነጭ ሲያበራ ብቻ ነው፤ ቪዲዮ ሲያጫውት ፍጆታው ከዚያ በጣም ይወርዳል። «እንግዲያው ለአማካዩ ገመድ እንግዛ» የሚል አይጠፋም። የስፖንሰሩ ሎጎ በነጭ መደብ ላይ ለ10 ደቂቃ ሲቆም ግን ስክሪኑ ወደ ሙሉ ፍጆታው ይጠጋል፤ ስለዚህ ገመዱ የሚመረጠው ለከፍተኛው ነው።

ከዝርዝሩ ውጭ የሚመጣ ጭነትም አለ። የምግብ አቅራቢዎች ሳይጠይቁ የሚሰኩት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ለወጥ ቤቱና ለቡናው የራሳቸውን መስመር ስጧቸው፤ ካልሰጣችኋቸው ከመድረክ ጀርባ ያለውን ሶኬት ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል።

2. በሦስቱ ፌዝ አካፍሉ

ፌዝ ማለት ኤሌክትሪኩ ከሚመጣባቸው ሦስት ሽቦዎች አንዱ ነው። የምሳሌው ጭነት በሦስቱ ላይ እንዲህ ይከፈላል። አንደኛው ፌዝ የስክሪኑን ሲሶ (4.8)፣ 10 ሙቪንግ ሄድ (4) እና ፓሮቹን (2.2) ይይዛል፦ 11 ኪሎዋት። ሁለተኛው የስክሪኑን ሲሶ፣ ቀሪዎቹን 6 ሙቪንግ ሄዶች (2.4) እና የጭስ ማሽኖቹን (3) ይይዛል፦ 10.2። ሦስተኛው የስክሪኑን ሲሶ፣ ድምፁን (6) እና ሚክሰሩን ከነጓደኞቹ (1) ይይዛል፦ 11.8።

ድምፅንና የሙዚቃ መሣሪያን አንድ ፌዝ ላይ ማድረግ ሃም የሚባለውን ጉርምርምታ ሊቀንስ ይችላል። ጭስ ማሽኑን ደግሞ ከድምፁ አርቁት፤ ማሞቂያው በበራና በጠፋ ቁጥር ቮልቴጁን ያወዛውዛል።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ፌዝ ነው። 11,800 ዋትን ለ220 ቮልት፣ ከዚያም ለ0.9 ፓወር ፋክተር (ዕቃው ከሚስበው ጅረት በእርግጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ) ስናካፍለው 60 አምፔር ገደማ ይሆናል። ባለ 5 እግር 63 አምፔር መስመር (ሦስት ፌዝ፣ ኒውትራል የሚባለው የጋራ መመለሻ ሽቦና ኧርዝ የሚባለው የመሬት መከላከያ ሽቦ) ይበቃል፤ ምንም የሚተርፍ ግን የለውም። ጀነሬተሩ በወረቀት ላይ 37 ኬቪኤ (33 ኪሎዋት ለ0.9 ሲካፈል) ቢበቃውም ከ60 በታች አትውሰዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የናፍጣ ሞተር በስሱ አየር ውስጥ ሳህኑ ላይ የተጻፈለትን ያህል አይሰጥም፤ በተለይ ተርቦ የሌለው።

3. የገመዱን ዓይነት ለዩ

ለመድረክ የሚሆነው ጥቁር የጎማ ገመድ ነው። በአውሮፓው አጻጻፍ «ኤች 07 አር ኤን-ኤፍ» የሚል ታትሞበታል። ከቻይና የሚመጣው አቻው «60245 አይኢሲ 66» ወይም «ዋይ ሲ ደብሊው» ይላል። ለ450/750 ቮልት የተሠራ፣ ውስጡ ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክር ያለው፣ ውሃና ዘይት የሚችል፣ መኪና አንዴ ቢረግጠው ወዲያው የማይፈነዳ ገመድ ነው።

መድረክ ላይ ቦታ የሌለው ደግሞ «ኤች 05 ቪቪ-ኤፍ»፣ «60227 አይኢሲ 53» ወይም «አር ቪ ቪ» የሚለው ነው። ይህ የፕላስቲክ ገመድ ነው፤ ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ ይሆናል። ፀሐይ ላይ ሲከርም ይሰነጠቃል፣ በሌሊት ብርድ ይገትራል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ የመድረክ ብረት ጠርዝ እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። የሚሸጠው ሰው «ያው ነው፣ ውፍረቱ አንድ ነው» ይላችኋል። ውፍረቱ አንድ ቢሆንም ሽፋኑ አንድ አይደለም። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ድርቅ ያለ ነጠላ ሽቦ ጨርሶ አይነሳ፤ በተጠቀለለና በተዘረጋ ቁጥር ከውስጥ ይሰበራል፣ ስብራቱም ከውጭ አይታይም።

ቁጥሩ የሚነበበው እንዲህ ነው፦ «5ጂ16» ማለት ባለ 5 ሽቦ፣ አንዱ አረንጓዴና ቢጫ ኧርዝ የሆነ፣ እያንዳንዱ ሽቦ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በ«ጂ» ፈንታ «ኤክስ» ካለ ኧርዝ የለውም፤ መልሱት።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡት ብርቱካናማ ኤክስቴንሽኖች ብዙዎቹ 16 ጌጅ ናቸው፤ ይህም 1.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሶኬታቸውም ለ125 ቮልት የተሠራ ነው። ስፒናቸውን ቆርጦ በእኛ አገር ስፒና መተካት መፍትሔ አይሆንም።

4. ውፍረትና ርቀት

ለጎማ ገመድ የሚያስተማምነው አጣማመር ይህ ነው፦ ለ16 አምፔር ሶኬት 2.5፣ ለ32 አምፔር 6፣ ለ63 አምፔር 16፣ ለ125 አምፔር 35 ካሬ ሚሊ ሜትር። ከዚህ የቀጠነ ገመድ በወረቀት ላይ ሊፈቀድ ይችላል፤ በሞቀ ቀን ከሌሎች ገመዶች ጋር ተነባብሮ ሲውል ግን ሌላ ነገር ነው።

ብሬከሩ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ከባለ 32 አምፔር ብሬከር በኋላ ባለ 1.5 ኤክስቴንሽን ከተሰካ ገመዱ 28 አምፔር ተሸክሞ ሲቀልጥ ብሬከሩ ዝም ብሎ ያያል፤ ለእሱ ምንም ችግር የለም። ስለዚህ ገመድ በቀጠነ ቁጥር መግቢያው ላይ ለእሱ የሚመጥን ብሬከር ያለው ማከፋፈያ ቦርድ ይኑር።

ቀጥሎ ርቀት ነው። በነጠላ ፌዝ የሚጠፋው ቮልት = 2 × ርዝመት በሜትር × አምፔር × የአንድ ሜትር ሬዚስታንስ (ሽቦው ጅረቱን የሚቋቋምበት መጠን፣ በኦም)። የመዳብ ክር ገመድ ሬዚስታንስ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በኪሎ ሜትር ከዚህ መብለጥ የለበትም (ለአንድ ሜትር በ1000 ይካፈላል)፦

– 1.5 ካሬ፦ 13.3 ኦም
– 2.5 ካሬ፦ 7.98 ኦም
– 4 ካሬ፦ 4.95 ኦም
– 6 ካሬ፦ 3.30 ኦም
– 10 ካሬ፦ 1.91 ኦም
– 16 ካሬ፦ 1.21 ኦም
– 25 ካሬ፦ 0.78 ኦም
– 35 ካሬ፦ 0.554 ኦም

16 አምፔር በ50 ሜትር ባለ 1.5 ገመድ ሲሄድ 21 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በባለ 2.5 ወደ 13፣ በባለ 6 ደግሞ 5 ቮልት ገደማ ነው። ከጀነሬተር እስከ ዕቃው በድምሩ ከ11 ቮልት፣ ማለትም ከ5 በመቶ አትለፉ። መንገድ ላይ የቀረው ቮልት የትም አልሄደም፤ ገመዱን እያሞቀው ነው። በዚያ ላይ የስክሪንና የሙቪንግ ሄድ ፓወር ሳፕላዮች ቮልቱ ሲወርድባቸው ጉልበቱን ለማካካስ ተጨማሪ አምፔር ይስባሉ፤ ገመዱ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቮልቱ ይበልጥ ይወርዳል።

በሦስት ፌዝ ሲሆን በ2 ፈንታ በ1.73 ይባዛል፤ ውጤቱም ከ380 ጋር ይነጻጸራል። ምሳሌያችን በባለ 16 ገመድ፣ በ56 አምፔርና በ50 ሜትር 6 ቮልት ያህል ብቻ ያጣል። ጀነሬተሩ ጩኸቱ እንዳይረብሽ 100 ሜትር ከራቀ 12 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ይህ 3 በመቶ ስለሆነ ከመድረኩ ወዲያ ላሉት ገመዶች የሚተርፈው 2 በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ወደ ባለ 25 መውጣት ይሻላል።

5. ገበያ ላይ መዳቡን ፈትሹ

መርካቶ ውስጥ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያለበት ሁለት ጥቅል ገመድ በጣም በተለያየ ዋጋ ይጠየቅበታል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ ሽቦው ከተጻፈው ይቀጥናል፣ ወይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። የተቀባው አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ሲሶ ያህል ስለሚያንስ ባለ 2.5 የተባለው በሥራ ወደ 1.5 ይወርዳል። ሲታጠፍና ሲዘረጋ ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፤ ብሎን ሥር ሲጠብቅም ቀስ በቀስ እየተጨፈለቀ ይላላል። የላላ ብሎን ደግሞ ይሞቃል።

የመጀመሪያው ፈተና ምላጭ ብቻ ይፈልጋል። ከጫፉ ላይ አንድ ክር ነጥላችሁ ላዩን ፋቁት። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው፤ ብርማ ቀለም ከወጣ አልሙኒየም ነው። ላዩ በቲን የተለበጠ መዳብ ከውጭ ብርማ፣ ከውስጥ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ እሱ ጥሩ ነው። ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ።

ሁለተኛው ሬዚስታንስ መለካት ነው። የ100 ሜትሩን ጥቅል ሳትፈቱ በአንዱ ጫፍ ሁለቱን ሽቦዎች አጥብቃችሁ ግመዱ፣ በሌላው ጫፍ በቴስተር ለኩ። የምትለኩት ደርሶ መልስ 200 ሜትር ነው። ከመለካታችሁ በፊት የቴስተሩን ሁለት እግሮች አገናኝታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር መዝግቡና ከውጤቱ ቀንሱ። ባለ 2.5 መዳብ 1.6 ኦም ወይም ከዚያ በታች ማሳየት አለበት። 2.5 ወይም 2.6 ካለ አልሙኒየም ነው ወይም ቀጥኗል፤ የትኛውም ቢሆን አይገዛም። ባለ 6 በ0.66 አካባቢ ይሆናል።

ከዚያ የወፈረውን ተራ ቴስተር በትክክል አያነበውም። ለእሱ ሚዛን ይሻላል፦ መዳብ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትርና በአንድ ሜትር 8.9 ግራም ይመዝናል። ከባለ 16 ገመድ 10 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፣ ከአንዱ የውስጥ ሽቦ ሽፋኑን ግፈፉ፣ ባዶ ክሩን መዝኑ። 14 ግራም ገደማ መምጣት አለበት። 11 ግራም ከመጣ ገመዱ ባለ 16 ሳይሆን ወደ ባለ 12 የተጠጋ ነው። 6 ግራም ከመጣ አልሙኒየም ነው። ግራምን በክፍልፋይ የሚያነብ የወርቅ ቤት ሚዛን ለዚህ ይበቃል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ገመድ ለናሙና አልቆርጥም የሚል ነጋዴ መልሱን ሰጥቷችኋል።

6. ኒውትራሉ ላይ ጊዜ ስጡ

በሦስት ፌዝ ሥራ ብዙ ዕቃ በአንዴ የሚያቃጥለው የኒውትራል መቋረጥ ነው። ኒውትራሉ ሲላላ ወይም ሲቃጠል በሁለት ፌዝ ላይ ያሉ ዕቃዎች በ380 ቮልት መካከል ተራ በተራ እንደተቀጠሉ ይሆናሉ። ብዙ የሚስበው ወገን ቮልቱ ይወርዳል፣ ጥቂት የሚስበው ወገን ደግሞ እስከ 300 እና ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል። በዚያ ሰዓት ሚክሰሩ፣ ኪቦርዱና ላፕቶፑ ያሉት ብዙ ጊዜ ጥቂት በሚስበው ወገን ነው። ብሬከር አይወርድም፤ አምፔሩ አልጨመረማ።

እንግዲህ ሦስት ነገር አድርጉ።

አንደኛ፣ «3 × 16 + 1 × 10» የሚባለውን ኒውትራሉ የቀጠነ ገመድ ለመድረክ አትግዙ። ለውሃ ፓምፕና ለወፍጮ ሞተር ተስማሚ ነው፤ ኤልኢዲና ዲመር (የመብራት ማደብዘዣ) ግን ጭነቱ ፍጹም እኩል ተከፍሎ እንኳ ኒውትራሉ ላይ ጅረት ይልካሉ። ፓወር ፋክተር ማስተካከያ የሌላቸው ርካሽ ፓወር ሳፕላዮች ሲበዙ የኒውትራሉ አምፔር ከፌዙ ሊበልጥ ይችላል። ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) አስገብታችሁ ስትለኩ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ኒውትራል ብሎኑ ከየዝግጅቱ በፊት በእጅ ይፈተሽ። ገመዱን ሳብ ሲያደርጉት ከነቃነቀ ይጠብቅ።

ሦስተኛ፣ ከጀነሬተሩ የሚመጣው ገመድ ተሰክቶ ብሬከሮቹ ሁሉ ወርደው እያሉ ቮልቱ ይለካ፦ እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል 220 አካባቢ፣ ፌዝ ከፌዝ 380 አካባቢ፣ ኒውትራል ከኧርዝ ወደ ዜሮ የተጠጋ። ከእነዚህ አንዱ ካልመጣ ምንም ዕቃ አይሰካ።

ለቀለም አትታመኑ። በአውሮፓው ሥርዓት ፌዞቹ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ፣ ኒውትራሉ ሰማያዊ ነው። በቻይናው ፌዞቹ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ናቸው። በድሮው የእንግሊዝ ሥርዓት ደግሞ ጥቁሩ ኒውትራል፣ ሰማያዊው ፌዝ ነበር። እዚህ አገር ሦስቱም በአንድ መጋዘን ውስጥ ይገኛሉ። በተለይ ቢጫ መስመር የሌለበት አረንጓዴ ብቻ ሽቦ አደገኛ ነው፤ አንዱ ኧርዝ ብሎ ያሰረው ሌላው ዘንድ ፌዝ ነው።

7. ኧርዝና አርሲዲ

ሃም ሲሰማ የሞንታርቦውን ኧርዝ እግር መቁረጥ፣ ወይም በባለ ሁለት እግር ማቀያየሪያ መሰካት የተለመደ ነው። ጉርምርምታው ይጠፋል። የዚያ ዕቃ ውስጥ ሽቦ ሽፋኑ ሲላላ ግን 220 ቮልቱ ሣጥኑ ላይ፣ ከዚያ በኬብሉ ወደ ማይኩ፣ ከማይኩ ወደ ዘፋኙ ከንፈር ይሄዳል። ሃምን የሚያጠፋው የድምፁን ዕቃና የሙዚቃ መሣሪያዎቹን ከአንድ ማከፋፈያ ቦርድ ማብላት፣ ካልሆነም በዲአይ ቦክስ (የሙዚቃ መሣሪያን ከሚክሰር ጋር በሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን) ላይ ያለውን የግራውንድ ማላቀቂያ መጠቀም ነው። እሱ የሲግናሉን መሬት ያላቅቃል፤ የኤሌክትሪኩን ኧርዝ አይነካም።

ሰው የሚነካው ሶኬት ሁሉ በ30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ጅረት ወደ ኧርዝ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ) ሥር ይሁን። በጀነሬተር ስትሠሩ የሚረሳ ነገር አለ፦ የጀነሬተሩ ኒውትራል ከቦዲውና መሬት ውስጥ ከተመታው የኧርዝ ዘንግ ጋር ካልታሰረ፣ ፌዝ ቦዲ ቢነካ ጅረቱ የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ አርሲዲውም አይወርድም። ክፋቱ፣ «ቴስት» የሚለው ቁልፍ ሲጫን ግን ይወርዳል፤ ቁልፉ የሚሠራው በፌዝና በኒውትራል መካከል እንጂ በኧርዙ አይደለም። ስለዚህ ቁልፉ አርሲዲው ሕያው መሆኑን ብቻ ይነግራችኋል፤ ኧርዙን የሚያረጋግጠው ከፌዝ ወደ ኧርዝ የሚለካ የአርሲዲ መፈተሻ ነው። ማሰሪያውን የሚሠራው ኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ እናንተ ጠይቁት። የመድረኩና የትረሱ (የመብራት መስቀያው) ብረትም በዚያው ኧርዝ ላይ ይታሰር።

ስክሪኑ አርሲዲ እየጣለ ሲያስቸግር አርሲዲውን ማውጣት ይቀናል። ምክንያቱን እዩ፦ እያንዳንዱ ፓወር ሳፕላይ በተፈጥሮው ትንሽ ጅረት ወደ ኧርዝ ያፈሳል። ግማሽ ሚሊ አምፔር እንኳ ብትቆጥሩ 32 ካቢኔት (ስክሪኑ የሚገጣጠምባቸው ሣጥኖች) 16 ሚሊ አምፔር ነው፤ የ30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ደግሞ ከ15 በላይ ጀምሮ ሊወርድ ይችላል። መፍትሔው ማከፋፈል ነው። በምሳሌው ስክሪን ባለ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ካቢኔት 96 ፍሬ አለ፣ እያንዳንዱ 150 ዋት። በ6 መስመር፣ በመስመር 16 ካቢኔት ስታደርጉት አንዱ መስመር 12 አምፔር ይወስዳል፤ ለባለ 16 አምፔር ብሬከር ልክ ነው። ለየመስመሩ የራሱ አርሲዲ፣ ለየፌዙ ሁለት መስመር። ብሬከሩ ሲ ዓይነት ይሁን፤ ቢ ዓይነቱ ፓወር ሳፕላዮቹ ሲነሱ በሚስቡት ድንገተኛ ጅረት ይወርዳል።

8. ጫፎቹ

ከቤት የመጣ ዲቫይደር መድረክ ላይ አይታይ። ለዋናው መስመር ቀይ ባለ 5 እግር፣ ለነጠላ ፌዝ ሰማያዊ ባለ 3 እግር ኢንዱስትሪያል ሶኬት ተጠቀሙ። «አይፒ 44» የሚለው የሚረጭ ውሃ ይችላል፤ ኩሬ ውስጥ ከተኛ አይችልም። ለክረምት ሥራ ቀለበቱ ተሽከርክሮ የሚቆለፈው «አይፒ 67» ይሻላል።

ስፒና ስታስሩ ማሰሪያው የሚጨብጠው የውጭውን ጎማ ይሁን፤ የውስጥ ሽቦዎቹ ቀለም ከስፒናው ውጭ ከታየ ሥራው ይደገም። የኧርዙን ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ አርዝሙት፤ ገመዱ በኃይል ቢጎተት መጨረሻ የሚነቀለው እሱ ይሆናል። የክሩን ጫፍ በሊድ አታጠንክሩት፤ ሊድ ብሎን ሥር እየለሰለሰ ይሸሻል፣ ግንኙነቱም ይላላል። በፌሩል (ጫፉ ላይ በሚጠልቅ ትንሽ የብረት ቱቦ) ጨፍልቁት።

ፓወርኮን የሚባለው ሰማያዊ የዕቃ መሰኪያ ጭነት ላይ እያለ አይነቀልም፤ ለዚያ አልተሠራም፣ ውስጡ ይቃጠላል። በሁለቱም ጫፍ ወንዴ ያለው ገመድ ካገኛችሁ ደግሞ እዚያው ቁረጡት፤ አንዱ ጫፍ ሲሰካ የሌላው ጫፍ እግሮች ባዶ ሆነው 220 ይይዛሉ።

በናስትሮ የተጠቀለለ መቀጠያ ዝናብን አይከለክልም። የተጎዳ ገመድ ከጉዳቱ ላይ ተቆርጦ በወንዴና በሴቴ ሶኬት ሁለት አጭር ገመድ ይሁን።

9. አዘረጋግ

ሪል ላይ የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ ጭነት አይሸከም። ከውስጥ ያለው ዙር ሙቀቱን የሚያወጣበት የለም፤ ብዙ ሪሎች ላይ ተፈትቶና ሳይፈታ የሚችለው ዋት ለየብቻ ተጽፏል፣ የሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ሲሶ እስከመሆን ይወርዳል። የተረፈ ገመድ በክብ አይከመር፤ በሰፊው እንደ እባብ ወይም በስምንት ቅርጽ አየር እንዲያገኝ ይዘርጋ።

የሰው መተላለፊያን በላይ ወይም በጠርዝ ዙሩ። መሻገር ግድ ከሆነ የጎማ መሸፈኛ ይደረግበት፤ ምንጣፍ ሥር መደበቅ ጉዳቱንም ሙቀቱንም ይደብቃል። ሶኬቶች መሬት ላይ አይተኙ፤ ድንኳን ካስማ ላይ ወይም ሣጥን ላይ አንሷቸው፣ ገመዱም ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይውጣ፤ ውሃው ከዝቅታው ይንጠባጠባል። የማይክ ኬብል ከኤሌክትሪክ ገመድ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ካቋረጠውም በቀጥታ አቋርጦ ይለፍ።

10. ከማብራት እስከ መጠቅለል

ገመዶቹን በባዶ ስትፈትሹ ከሁለቱም ጫፍ ንቀሏቸው፤ በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ) በየሽቦው መካከልና ከኧርዝ ጋር ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ይምጣ። ዝናብ ያገኘው ገመድ ከዚህ በታች ካሳየ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሶኬቱ ውስጥ ያለ ውሃ ነው፤ ከፍታችሁ አድርቁ፣ ዳግም ለኩ።

ዋናውን አብሩ፣ ቮልት ለኩ፣ ከዚያ መስመሮቹን አንድ በአንድ አስነሱ። ማጉያዎቹ መጨረሻ ይበሩ፣ መጀመሪያ ይጥፉ። ሙሉ ጭነት በገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በክላምፕ ሜትር ሦስቱን ፌዝና ኒውትራሉን ለኩ፣ የየሶኬቱን ውጭ በእጅ ጀርባ ዳስሱ። ለብ ያለ ችግር የለውም። እጅ ሦስት ሰከንድ የማያስቆይ ከሆነ ውስጡ የላላ ብሎን አለ፤ ያ መስመር ጭነቱ ይነሳለትና ይቀየር። ገመዱ በሙሉ ርዝመቱ ከሞቀ ግን ብሎን ሳይሆን ውፍረት ነው የጎደለው።

ከ125 አምፔር በላይ ላሉ ነጠላ ነጠላ ወፍራም ገመዶች ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፦ ሲገባ ኧርዝ፣ ኒውትራል፣ ከዚያ ፌዞቹ፤ ሲወጣ ፌዞቹ፣ ኒውትራል፣ በመጨረሻ ኧርዝ። ጀነሬተሩ ሳይጠፋ አንዱም አይነካ። አምስቱም ጎን ለጎን አብረው ይሂዱ፤ አንዱን ለብቻው በብረት ሳህን ቀዳዳ ማሳለፍ ብረቱን ያሞቀዋል።

ከመጠቅለላችሁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጋችሁ ገመዱን በእጃችሁ ውስጥ አሳልፉት፤ ቁርጠትና እብጠት በዚህ ጊዜ በጣት ይገኛል። የተበላሸውን ከጫፉ ላይ ቋጥሩት፣ ቀይ ናስትሮ አድርጉበት፣ ለብቻው አስቀምጡት። በየገመዱ ሁለት ጫፍ ርዝመቱን፣ ውፍረቱንና የመጨረሻውን የፍተሻ ቀን ጻፉ።